ስርጉድ

ቀን የሰው ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤
ማታ ግን ሱቁን ዘግቼ፣
ፒያሳ፣ ጣሊያን በሠራው ፎቅ ሥር ተጎልቼ፣
አውሮፕላን አለብሳለሁ።

ሲሙሌተሩ የሰጠኝ ዳኮታ
ዕራቁቱን ነው የመጣ፤ ነጭ፣ ልሙጥ፣ ያለ ጌታ፤
ስም የለው፣ መስመር የለው፣ ጅራቱ ላይ ቁጥር የለው፣
ተገንዞ የተኛ ሰው ነው የሚመስለው።

መነሻዬ አንድ ፎቶ ነው፣ አጎቴ ሞቶ ሣጥኑ ሲከፈት የወጣ፤
ጥቁርና ነጭ፣ አንድ ጥጉን በአይጥ ጥርስ ያጣ።
አዘዞ ሜዳ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣
ዳኮታው ቆሟል፣ ጅራቱን ሣር ላይ ጥሎ።
አንበሳ አለው አፍንጫው ላይ፤ መስመር አለው ከመስኮቱ ሥር፤
ግን ምን ዓይነት ቀይ? ምን ዓይነት አረንጓዴ? ግራጫ አይናገር።

የበርበሬ ቀይ ሞከርሁ፤ የቲማቲም፤ የሸክላ ጡብ፤
አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ይሞታል፣ አንዱም ልብ አይስብ።
በመጨረሻ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ፣
በአዘዞ ታክሲ ተሳፈርሁ፣ የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ።

ጋሽ ይርዳው፣ ከአየር ማረፊያው አጥር ጥግ ነው ቤቱ፤
የመንገደኛ መሰላል ይገፋ ነበር በወጣትነቱ።
ስክሪኑን አየው። መነጽሩን ጠረገ። ደግሞ አየው።
“ቀይዋ በጠዋት ሌላ ናት፣ በከሰዓት ሌላ፤ የቱን ነው የምትፈልገው?”
ዝም አልሁ።

“እስቲ አዙረው” አለኝ። አዞርሁት።
በቀኝ በኩል ጉዴ ወጣ፤
አንዱን ሥዕል ለሁለት ጎን ስላጠፍሁት፣
ፊደሉ ሁሉ፣ በመስታወት እንደታየ፣ ተገልብጦ መጣ።
“ይኸን የጻፈው ሰካራም ነው?” ብሎ ሳቀ፤
ሦስት ሳምንት ያፈጠጠው ዓይኔ ጭራሽ አላወቀ።

“ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዳኮታ ንጹሕ?
ያኛው ዘይት ያለቅስ ነበር፤ እዚህ፣ ከሞተሩ ሥር፣ እዚህ።”
ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ፤ ጥፍሩ ወፍራም፣ ስንጥቅ፤
ከክንፉ ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ፣ ቀስ እያለ ሲዘልቅ፣
ቆመ።

“ከበሩ በታች ስርጉድ ነበረው። የቡጢ ያህል።
እኔ ነኝ። ነፋስ ነበር። መሰላሉ አመለጠኝ ከእጄ፤
ድምፁ እንደ ድስት ክዳን። ዞር አልሁ፣ ማንም የለ፤ ቀረሁ ፈዝዤ።
አብራሪው አላየ። ሹሙ አላየ። ለሚስቴም አላወጋሁ፤
ለንስሐ አባቴ እንኳ፣ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር፣ ይኸን ዘለልሁ።
እሱ ስርጉዱን ይዞ አስመራ፣ ጎሬ፣ ጅማ ሲዞር፣
እኔ አዘዞ ተኝቼ ‘አሁን ያያሉ’ እል ነበር።”

ምን ይባላል? “አስገባዋለሁ” አልሁት።
“ታስገባዋለህ?” አለ። ድምፁን እስካሁን አልረሳሁት።

ማታውን ተቀመጥሁ። የቀኙን ጎን ለብቻው ሣልሁ፤
ዘይቱን፣ ጥላሸቱን፣ ከሞተሩ ሥር በስሱ ለቀቅሁ፤
መብራት ሁለቴ ሄደ፤ ሁለቴ ከዜሮ ጀመርሁ።
ለስርጉዱ፣ ሃያ ነጥብ በሃያ ነጥብ ጥላ በቃኝ፤
ቆርቆሮው ያው ጠፍጣፋ ነው፤ ማን አየኝ!
ቀይዋን የጠዋት አደረግኋት።

እሑድ ጋሽ ይርዳው ሱቄ መጣ፣ በነጭ ጋቢው።
የሲሙሌተሩን ሰዓት በጠዋት ሞላሁት፤ ከአዘዞ ተነሣን፣ ወደ ደቡብ ነው።
ጎንደር ከላይ ቡናማ ንጣፍ ናት፤ ፕሮግራሙ ፋሲልን አያውቅም፤
ግንቡ ባለበት የፈረንጅ ጎጆ አብቅሏል፤ ቀሃ ወንዝ የለም።
እኔ አፈርሁ፤ እሱ ግን ወደ ታች አላየም።
“ከውጭ አሳየኝ” ብቻ አለ። ካሜራውን ወደ በሩ ሳብሁ።

ጣና ዳር ስንደርስ ፀሐይ ግራ ጎኑን አገኘች፤
ስርጉዱ እውነት መሰለ፤ ቀይዋም በራች።
ጋሽ ይርዳው ዝም። ሞተሩ ብቻ ያንጎራጉራል።
“ትንሽ ዝቅ” አለ ቆይቶ፤ “ትንሽ። ከማጠፊያው በታች ይሆናል።”

አራት ነጥብ አወረድሁት።
ትናንት ደወለልኝ፦ “አሁንም ትንሽ ይቀራል።”